ለዓመታዊው ንግግር መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

መግቢያ

በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ዕለት የአገራችን ፕሬዚዳንት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በንግግር ሲከፍቱ፣ በኮሌጃችን የምግብ አዳራሽ ያለው ቴሌቪዥን በተማሪ ተከብቦ ነበር። ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ብዙዎቻችን ቆመን ሰማን፤ አንዳንዱም አዲስ ነገር በተነገረ ቁጥር ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር ነበር። ከሳምንታት በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዚያው ንግግር ላይ ሲወያይና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአባላቱ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ግን በአዳራሹ የተገኘነው ከአሥር አንበልጥም ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ የመጡት ሻይ ለመጠጣት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። ንግግሩን ለመስማት የተሰበሰበው ተማሪ መልሱን ለመስማት ያልመጣው ስለምን ነው? ተማሪው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ምናልባት ተማሪው መልሱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያወቀ መስሎት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገር መሪ በየዓመቱ ለሕግ አውጪዎች ለሚያደርገው ንግግር በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአገራችን ምን ዓይነት መልስ ይሰጥ እንደ ነበረና እንደሚሰጥ በአጭሩ እናስረዳለን።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ መለያ እናስቀምጥ። አገራችን ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት የመልስ ሥርዓት ታውቃለች። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ነው። በመጽሐፈ ቅዳሴ ውስጥ «ይበል ካህን» ከሚለው ቀጥሎ ካህኑ የሚለው፣ «ይበል ሕዝብ» ከሚለው ቀጥሎ ደግሞ ሕዝቡ የሚመልሰው ተጽፎ ይገኛል። ሕዝቡ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የችሎት ሥርዓት ነው። በቀድሞው በላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲከራከሩ መልሱን አስቀድሞ የጻፈው የለም። የተጠየቀ ሰው ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ይረታል።

ለጸሎት የመጀመሪያው ሥርዓት ተገቢ ነው። የመንግሥት ሥራ ግን ጸሎት አይደለም፤ ገንዘብ የሚወጣበት፣ ግብር የሚከፈልበት፣ የሰው ኑሮ የሚሻሻልበት ወይም የሚጎሳቆልበት ጉዳይ ነው። እንግዲህ ለዓመታዊው ንግግር የሚሰጠው መልስ ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል የሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው።

1ኛ. በእንግሊዝ አገር

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባላል። እንግሊዞችም ንጉሣቸውን አይከሱም። ይሁን እንጂ ንጉሡ በዙፋን ላይ ሆኖ የሚያነበውን ንግግር ይከራከሩበታል፤ አልፈው ተርፈውም በዚሁ ንግግር ምክንያት መንግሥት ጥለዋል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ምስጢሩ ንግግሩን የሚያነበውና የሚጽፈው የተለያዩ በመሆናቸው ነው። ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ በመኳንንቱ ምክር ቤት በዙፋን ተቀምጠው ያነባሉ፤ ቃሉ ግን የሚኒስትሮቹ ነው። «መንግሥቴ ይህን ያደርጋል» ሲባል አደርጋለሁ የሚለው በእውነቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ ንግግሩን የነቀፈ ሰው ሚኒስትሮቹን ነቀፈ እንጂ ዘውዱን ደፈረ አይባልም።

በመክፈቻው ቀን የሚፈጸሙት ልማዶችም ይህንኑ ነጻነት የሚያስታውሱ ናቸው። የሕዝብ እንደራሴዎችን ለመጥራት የሚላከው የጥቁር በትር ሹም ወደ ምክር ቤታቸው ሲቃረብ በሩ በፊቱ ይዘጋበታል፤ በበትሩ ካንኳኳ በኋላ ነው የሚከፈትለት። እንደራሴዎቹ ንግግሩን ሰምተው ወደ አዳራሻቸው ሲመለሱ ደግሞ በንግግሩ ላይ ከመወያየታቸው በፊት አንድ ሌላ የሕግ ረቂቅ ለስም ያህል ያነባሉ። ይህም ንጉሡ ያዘዘንን ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም ጉዳይ እንመክራለን ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለንጉሡ የምስጋና መልስ እንዲላክ የሚጠይቅ ሐሳብ ይቀርባል። ሐሳቡን የሚያቀርቡትና የሚደግፉት ሁለት የገዢው ፓርቲ እንደራሴዎች ናቸው። ቀጥሎ የተቃዋሚው ወገን መሪ፣ ከእርሱም በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይናገራሉ፤ ክርክሩም ለበርካታ ቀናት ይቀጥላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ «ይበል ሕዝብ» ይመስላል። ነገር ግን በምስጋናው ላይ ማሻሻያ ማቅረብ የተፈቀደ ነው። ማሻሻያውም ብዙ ጊዜ «እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ይህ ጉዳይ በንግግሩ ውስጥ ባለመነሣቱ እናዝናለን» የሚል መልክ አለው። ኃይሉ ያለው በዚህች «ነገር ግን» ላይ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በጥር 1886 የሎርድ ሶልዝበሪ መንግሥት በንግግሩ ውስጥ ለእርሻ ሠራተኞች ስለሚሰጥ መሬት ምንም አልተባለም በሚል ማሻሻያ ተሸንፎ ከሥልጣን ወርዷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1923 በተደረገው ምርጫ ደግሞ የስታንሊ ቦልድዊን ወግ አጥባቂ ፓርቲ 258 መቀመጫ አግኝቶ ከሁሉ የበለጠ ቢሆንም ከግማሽ በላይ አልነበረውም። በጥር 1924 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የቦልድዊንን ንግግር አነበቡ። የሠራተኛው ፓርቲ፣ ሚኒስትሮቹ የምክር ቤቱ አመኔታ የላቸውም የሚል ማሻሻያ አቀረበ፤ በጥር 21 ቀን በተሰጠው ድምፅም 328 እንደራሴዎች ሲደግፉት 256 ተቃወሙት። በማግሥቱ ቦልድዊን ሥልጣን ለቀቀ፤ ራምዚ ማክዶናልድም የመጀመሪያውን የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት አቋቋመ። አንድ ሳምንት ያልሞላው ንግግር ከነደራሲው ወደቀ፤ ንጉሡ ግን በዙፋናቸው ላይ ናቸው።

2ኛ. በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ስለ ኅብረቱ ሁኔታ በየጊዜው ለኮንግሬስ እንዲያስታውቅና ይበጃል የሚለውን እንዲያሳስብ ያዝዛል። ስለ መልሱ ግን ምንም አይናገርም። ስለዚህ የመልሱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል።

ጆርጅ ዋሽንግተን የመጀመሪያውን ንግግር ያደረገው እ.ኤ.አ. በጥር 8 ቀን 1790 በኒውዮርክ ከተማ ነው። በዚያን ዘመን ሁለቱ ምክር ቤቶች እንደ እንግሊዞቹ ልማድ እያንዳንዳቸው የጽሑፍ መልስ አዘጋጅተው ለፕሬዚዳንቱ ያቀርቡ ነበር። መልሱም ባዶ ምስጋና ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1796 ዋሽንግተን የመጨረሻውን ዓመታዊ ንግግር ሲያደርግ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ያረቀቀው መልስ ውዳሴ የበዛበት ነው ተብሎ ክርክር ተነሣበት፤ በመጨረሻም 12 እንደራሴዎች ተቃወሙት። ከእነዚህ አንዱ ከቴኔሲ የመጣው ወጣቱ አንድሩ ጃክሰን ነው። የአገሩን አባት ማመስገን እምቢ ያለው ይህ ሰው ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ራሱ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1801 ቶማስ ጄፈርሰን ይህን ልማድ ለወጠው። በአካል ቀርቦ መናገር የንጉሥ ወግ ይመስላል በሚል ሐሳብ መልእክቱን በጽሑፍ ላከ። ምክር ቤቶቹም ጉዳዩን በቅጡ ሳይመረምሩ ቸኩለው መልስ ከመስጠት ችግር እንደሚድኑ ገለጸ። ነገሩ ቅንነት ያለው ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የንጉሡ ወግ ሲቀር መልሱም አብሮ መቅረቱ ነው። ውድሮ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1913 በአካል መናገርን ሲመልስ የምክር ቤቶቹ መልስ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የንግግሩ አድማጭ ሕዝቡ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1923 የካልቪን ኩሊጅ ንግግር በራዲዮ፣ በ1947 የሃሪ ትሩማን ንግግር በቴሌቪዥን ተላለፈ። በ1965 ሊንደን ጆንሰን ብዙ ሰው እንዲያየው ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረው። ፕሬዚዳንቱ በየቤቱ ሲገባ ተቃዋሚው ከደጅ ቀረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በጥር 1966 የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች ኤቨረት ደርክሰንና ጄራልድ ፎርድ ከጆንሰን ንግግር ጥቂት ቀናት በኋላ በቴሌቪዥን ቀርበው መልስ ሰጡ። የተቃዋሚ ፓርቲ መልስ የሚባለው ልማድ የተጀመረው እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይህ መልስ የሚሰጠው ከምክር ቤቱ ውጭ ነው። ድምፅ አይሰጥበትም፤ ፕሬዚዳንቱም መልሶ እንዲያስረዳ አይገደድም። እንዲያውም መልሱ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ንግግሩ ከመሰማቱ አስቀድሞ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የሚቀረው መነሣት፣ ማጨብጨብና አለማጨብጨብ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 4 ቀን 2020 አፈ ጉባዔ ናንሲ ፔሎሲ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕን ንግግር ቅጂ በአደባባይ ቀደዱት። ስለዚህ ድርጊት ብዙ ተጽፏል፤ ወረቀት መቅደድ ግን ቁጣ ነው እንጂ መልስ አይደለም። የተቀደደው ንግግር የትኛው ቁጥር ትክክል፣ የትኛው ስሕተት እንደ ነበረ ከመቅደዱ ያወቀ ሰው የለም።

3ኛ. በአገራችን፣ ከ1924 እስከ 1966 ዓ.ም.

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓርላማ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ተከፈተ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸው ነበር፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ መኳንንትና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጧቸው ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተደረገ። የዘውድ በዓል በሚከበርበት በጥቅምት ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፓርላማው ተገኝተው የዘውድ ንግግር ያሰሙ ነበር።

ከውጭ ሲታይ ይህ ሥርዓት የእንግሊዝን ይመስላል፤ ዙፋን አለ፣ ሁለት ምክር ቤት አለ፣ ንግግር አለ። ልዩነቱ በቃሉ ባለቤት ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይናገሩ የነበረው የራሳቸውን ፖሊሲ ነው፤ ሚኒስትሮችንም የሚሾሙትና የሚሽሩት እርሳቸው ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን እየመረጡ እንዲያቀርቡ ሲፈቀድ እንኳ የመጨረሻው ውሳኔ የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውን የማይነቀፍ ያደርገዋል። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ «እናመሰግናለን፤ ነገር ግን» የሚል እንደራሴ በማን ላይ ይናገራል? በሚኒስትር ላይ እንዳይሆን ቃሉ የሚኒስትር አይደለም፤ በንጉሡ ላይ እንዳይሆን ንጉሥ አይከሰስም። መልሱ «ይበል ሕዝብ» ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይሁን እንጂ መልስ በአዳራሹ ቢከለከልም ጨርሶ አይጠፋም፤ መንገድ ለውጦ ይመጣል። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የመሬት ጉዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1950ዎቹ ዓመታት ስለ መሬት ይዞታ መሻሻል በተደጋጋሚ ተናግረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ገደማም የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ነገር ግን በፓርላማው ከተቀመጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩ። ንግግሩን በአክብሮት ሰምተው፣ የሕጉ ረቂቅ ሲመጣ ግን በማዘግየት መልስ ሰጡ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ በ1960 ዓ.ም. የወጣው ከብዙ መሻሻል በኋላ ነው፤ እርሱም በጎጃም የገበሬ ዐመፅ ገጠመው። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የታሰበው ሕግ ደግሞ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሲሶና የእኩል አራሹ ጭሰኛ ክረምት በመጣ ቁጥር ያርስ፣ መከር በደረሰ ቁጥር ያካፍል ነበር። በዙፋን ንግግር ውስጥ ስለ እርሱ የተነገረውን አልሰማ ይሆናል፤ ቢሰማም «አምና ያላችሁት የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅለት አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የሄዱት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ በጎዳና ጠየቁ። የመጨረሻው መልስ የመጣው ግን በፓርላማም በተማሪም በኩል አይደለም። ወታደራዊው ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ፓርላማውን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት 25 ቀን የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገውን ዐዋጅ አወጣ። ለዘመናት የተጓተተው ጉዳይ በአንድ ቀን ተወሰነ፤ የተወሰነው ግን ተከራካሪ በሌለበት ነው።

4ኛ. ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ በሰኔ 30 እንዲያበቃ፣ የሁለቱንም ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ፕሬዚዳንቱ እንዲከፍት ይደነግጋል። አስፈጻሚው ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ስለ ሥራው በየጊዜው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ማቅረብም ግዴታው ነው። ፕሬዚዳንቱ በንግግሩ የመንግሥትን የዓመት ዕቅድ ይገልጻል፤ በኋላም ምክር ቤቱ የድጋፍ ሞሽን በተባለው ሐሳብ ላይ ሲወያይ ለአባላቱ ጥያቄ ማብራሪያ የሚሰጡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።

አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ በቅርጹ የእንግሊዝን መንገድ የተከተለ ነው። የሚያነበው አንድ፣ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ስለዚህ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘመን የነበረው ችግር፣ ማለትም የቃሉ ባለቤት የማይጠየቅ መሆኑ፣ በሕግ ደረጃ ተወግዷል። «ነገር ግን» ለማለት የሚከለክል አንቀጽ የለም።

የቀረው ጉዳይ የሚለው ሰው መኖሩ ነው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ ነበረው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ ማግኘታቸው ተገለጸ፤ ከተመረጡት አንዳንዶቹ ባይገቡም የገቡት በምክር ቤቱ ክርክር ተካፋይ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫ ሲወስዱ የተቃዋሚው ወገን አንድ፣ የግል ተመራጭም አንድ ብቻ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. አንዱም አልቀረም፤ መቀመጫው ሁሉ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ንግግር ነበረ፣ ሞሽን ነበረ፣ ውይይት ነበረ፣ ድምፅም ተሰጥቷል። ሥርዓቱ የበላ ልበልሃ፣ መልሱ ግን የቅዳሴ ሆኖ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በየአካባቢው ተቃውሞ በርትቶ በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መታወጁ፣ በአዳራሹ ያልተሰማ መልስ ወደ ጎዳና እንደሚወጣ ሁለተኛ ጊዜ አሳይቶናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የተቃዋሚ ቁጥር ካልበዛ ክርክሩ ዋጋ የለውም ይላሉ። ቁጥር ትልቅ ነገር መሆኑን የ1924ቱ የእንግሊዝ ታሪክ ያስረዳል። ነገር ግን የ1796ቱ የአሜሪካ ታሪክ ደግሞ ሌላ ያስተምራል። እነዚያ 12 ሰዎች አልረቱም፤ ተቃውሟቸው ግን በመዝገብ ተጽፎ ስለ ቀረ እነሆ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እናነበዋለን። አንድ ብቸኛ እንደራሴም ቢሆን «ባለፈው ዓመት ይህን ያህል እናደርጋለን ብላችሁ ነበር፤ የት ደረሰ?» ብሎ ከጠየቀ ሚኒስትሩ መልሱን ለመስጠት፣ ወይም መልስ እንደሌለው በሕዝብ ፊት ለማሳየት ይገደዳል።

መደምደሚያ

ካየናቸው ምሳሌዎች ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። በመጀመሪያ፣ መልስ እንዲኖር የንግግሩ ባለቤት የሚጠየቅ ሰው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ መልሱ የሚሰጥበት ቦታና ሰዓት በልማድ ወይም በሕግ የታወቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እንደ አሜሪካው ከደጅ ይቀራል። ሦስተኛ፣ መልስ ሰጪው ለመልሱ የማይፈራ መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሕግ ሊሰጥ ይችላል። ሦስተኛውን ግን የሚሰጠው ሕግ ብቻ አይደለም፤ አድማጭም ይሰጣል። እንደራሴ የሚደፍረው የሚሰማው ሲኖር ነውና።

ወደ ምግብ አዳራሻችን የምንመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ባዶ ወንበር ለማን እንደሚጠቅም እናስብ። ሞሽኑ የሚጸድቅ መሆኑን ስላወቅን ውይይቱን ካልሰማን፣ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀውንና ለማመስገን ብቻ የተነሣውን ሳንለይ እንቀራለን፤ እነርሱም ይህን ያውቁታል።

ስለዚህ ለኮሌጃችን ተማሪዎችና መምህራን አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ያለፈውን ዓመት ንግግር ከአዲሱ ጎን አስቀምጠን፣ ስንዴ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የኑሮ ውድነት እያልን በየርእሱ ተስፋውን ከሪፖርቱ ጋር እናስተያይ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ቁጥሩን፣ የሕግ ተማሪ ዐዋጁን፣ ከገጠር የመጣውም በአገሩ ያየውን ያምጣ። መምህሮቻችን ያርሙን። ሥራው ፖለቲካ ሳይሆን ሒሳብ መያዝ ነው፤ ባለሱቅ እንኳ የአምናውን ዱቤ ሳያይ የዘንድሮውን አይጽፍም።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘ አንባቢ በሚቀጥለው እትም እንዲያርመን እንለምናለን። መልስ ስለ መስጠት ጽፈን መልስ መቀበልን ብንጠላ ነውር ይሆንብናልና።